ማንጎዋ አያቴ

ሚስቴን ላጣት የነበረው በሌላ ሰው ተንኮል አይደለም፤ በገዛ ምላሴ ነው። ያውም ተምሬ በሳልኩት ምላስ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሒሳብ አስተምር ነበር። ግልፍተኛ ነበርኩ፤ አዋቂ ነኝ ባይነቱም አላነሰኝም። ማክሰኞ ማክሰኞ መምህራኑን ሰብስቦ የሚያወያየን ካድሬ ነበረ። በዚያ ሙቀት ላቡን እየጠረገ "የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል" ሲል እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እስቅበታለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ የሎጂክ መምህራችን ያስተማረን ሌላ ነበራ! እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር አንዴ ከተቀበልክ የፈለግከውን ሁሉ ማረጋገጥ ትችላለህ፤ ስለዚህ መጣረስ የገባበት ንግግር በሙሉ ገደል ይግባ። ይህቺን ትምህርት እንደ ሰንጢ በኪሴ ይዣት ነበር የምዞረው።

እጮኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቀወት መንደር መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። አባቷ ሽንኩርትና በቆሎ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው፣ "ልጁን አልጠላሁትም፤ ግን ዘር ይቆጠር" አሉ። በእኛ ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ቀጥለው ደግሞ፣ "ጥር ሳይወጣ ተቆጥሮ ካላለቀ ከአጣዬ የጠየቀን ሰው አለ፤ ለእሱ መልስ እሰጣለሁ" አሉ። ያቺን ልጅ ሌላ ሰው ሲወስዳት ቆሜ ላይ? ሞቼ ነው!

ቆጠራው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያቸው ማንጎ ሥር ሆነ። በእኔ በኩል የሚቆጥረው አጎቴ ነው። በእሷ በኩል ደግሞ የአባቷ አክስት፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁት አሮጊት። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ የእጮኛዬን የዘር ሐረጎች አወረዷቸው። አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ንጹሕ፤ ስድስቱ በሰላም አለፉ። ሰባተኛው ሐረግ ላይ ቆም አሉና አዩኝ።

"እዚህ ላይ ትገናኛላችሁ። የእሷ የአያቷ አያት፣ ያንተ የአያትህ አያት እህት ናት። አባታቸው አንድ ነው። አምስት ቤት ናችሁ።"

አጎቴ ጋቢውን ወዲያ ጣለ። "የምን እህት! የእኛ ሰውዬ አንድ ወንድ ልጅ እንጂ ሴት አልወለደም።"

"ወልዷል።"

"አልወለደም አልኩ!"

እኔ ደግሞ የሁሉንም ቃል በደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥ ሳደርግ ምን አገኘሁ? አሮጊቷ ስለዚያች የአያት አያት መጀመሪያ ላይ "አንበጣው አገሩን ሲያጠፋ ገና አልተወለደችም" ብለዋል። ቆየት ብለው ደግሞ "ያን አንበጣ ከማሽላዋ ላይ ስታባርር ነው እግሯን የተሰበረችው" ብለዋል። እሰይ! ብድግ አልኩ።

"እማማ፣ ሴትዮዋ ከአንበጣው በፊት ተወልዳለች ብለዋል። እንግዲያው 'ወይ ከአንበጣው በፊት ተወልዳለች፣ ወይ ይህቺ ማንጎ አያቴ ናት' ብል ዋሸሁ? አልዋሸሁም፤ ከሁለቱ አንዱ እውነት ከሆነ ይበቃል። አሁን ደግሞ ከአንበጣው በፊት አልተወለደችም ብለዋል። እንግዲህ ምን ቀረ? ማንጎዋ! በእርስዎ ቃል ማንጎዋ አያቴ ናት። ስለዚህ ቃልዎ በሙሉ ውድቅ ነው።"

አጥሩ ላይ የተደገፉ ጎረምሶች በሳቅ ፈነዱ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ምርኩዛቸውን አነሡ፣ ሄዱ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ቆሜአለሁ።

የእጮኛዬ አባት ረጋ ብለው ጠየቁኝ። "ቃላቸው በሙሉ ውድቅ ነው ነው ያልከው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ስድስቱ ሐረግ ንጹሕ መሆኑንስ ማን ነገረን?"

"እሳቸው።"

"ከእሳቸው ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። እንግዲያው እኔም ቆጠራ የለኝም፤ ያለ ቆጠራ ደግሞ ልጅ አልሰጥም።"

ስወጣ እጮኛዬ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። ዐይኗ ቀልቷል። "ልታገባኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትረታን?" አለችኝና ጥላኝ ገባች። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ከሮቢ ወንዝ ዳር ድንጋይ አንሥቼ፣ ተሸክሜው አሮጊቷ ደጅ ሄድኩ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲያ ነው። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎት አንገቴን ይጠብሰኛል። እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ በሰፌድ ይለቅማሉ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ማንጎዋ አያትህ ደህና ናት?" አሉኝ።

"እማማ፣ በድያለሁ፤ ይማሩኝ።"

"ቁም እንጂ፤ ምን አስቸኮለህ?"

ቆምኩ። ሰፌዱ ላይ አንድ ጥግ ጥሩውን ማሾ፣ አንድ ጥግ የነቀዘውን፣ መሐል ላይ ደግሞ ገና ያልለየላቸውን ያስቀምጣሉ። የመሐሉን አይጥሉትም፤ ወደ ጥሩውም አይቀላቅሉትም። በመጨረሻ "አውርደው" አሉኝ፤ ድንጋዩን አወረድኩ።

"ከአንበጣው በኋላ ተወለደች ያለችኝ እናቴ ናት" አሉኝ። "ከማሽላዋ ላይ ስታባርር ያለችኝ የአባቴ እናት ናት። ሁለቱም ዋሽተውኝ አያውቁም። ማንኛዋን ውሸታም ልበልልህ? እንደሰጡኝ ይዤዋለሁ። ደግሞስ ስለ አንበጣው ቢጣሉ፣ ስለ ሌሎቹ ስድስት ሐረጎች ምን አጣላቸው?"

"ምንም።"

"እና ስለ አንድ አንበጣ ብለህ አገር ታቃጥላለህ?"

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። "ታዲያ አምስት ቤቱስ እማማ? እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ።"

ማሾአቸውን በጣታቸው ዳበሱት። "አባቷ የተባለው ሰውዬ የእናንተ ቤት ሰው ነው። ሴት ይውለድ አይውለድ ከእኔ ቤት ይልቅ የእሱ ቤት ያውቃል። እዚህ ላይ የአጎትህ ቃል ይብለጥ፤ ተጋቡ። የእኔን ቃል ግን አላነሣም። በእኛ ቤት ስትነገር የኖረችው ልጁ ናት እየተባለ ነው፤ እኔም ልጁ ናት እላለሁ።"

"ሁለቱም እንዴት ይሆናል?"

"ይኸው ሆነ አይደል?"

ለአማቼም ይህንኑ ነገሯቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ፤ እጮኛዬም ይቅር አለችኝ። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም የአንበጣ ወሬ ሳልሰርዝ ተውኩት፤ ዛሬም አለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ካድሬው ስለ ተቃራኒዎች አንድነት ሲጀምር እንደ ልማዴ ልስቅ ብል አቃተኝ።

ጥር ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ሰርጋችን ሆነ። ከሚዜዎቼ ጋር ደጃፉ ስንደርስ የሙሽራዋ ወገኖች እንደ ደንቡ በሩን ከውስጥ ዘጉብን። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የአሮጊቷ ድምፅ ነው፤ "አይገባም! ማነው እሱ? አናውቀውም!" ይላሉ። እኛ እንገፋለን፤ እነሱ ይገፋሉ። ድንገት ድምፃቸው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ምርኩዝ ጎኔን ጎሰም አደረገኝ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው፤ በጓሮ ዞረው መጥተው፣ እያለከለኩ።

"ዞር በል" አሉኝና ትከሻቸውን ከትከሻዬ አጠገብ በሩ ላይ አስደግፈው መግፋት ጀመሩ። "ክፈቱ! ዘመዴን ፀሐይ ላይ አታቁሙብኝ!"