ሲስተሙ የሉም ያላቸው ዘበኛ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ...

«ዘበኛው ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ብቅ ይልና ከዚያ ይጠፋል። ሄደሽ አረጋግጪልኝና ሌላ ሰው እንቅጠር።»

«ማነው ያለው?»

«ሲስተሙ ነዋ!»

ሲስተሙ ማለት ባሮ ወንዝ ዳር ያለው መጋዘናችን ላይ የሰቀልነው ካሜራ ነው። ሰው ሲያይ ዙሪያውን አረንጓዴ ሳጥን ይሠራለታል፣ ከዚያ «በር ላይ አንድ ሰው አለ» ብሎ ጽፎ ይልካል። የጋምቤላ ኔትወርክ ቪዲዮ ስለማይችል አዲስ አበባ የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው። እዚህ ካሜራውን የምንከባከበው እኔ ነኝ። መንከባከብ ከተባለ... ሌንሱ ላይ ሸረሪት ታደራለች፣ እጠርጋለሁ። አቧራ ይለብሳል፣ እጠርጋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምንም አያይም፣ እሱን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ከሁሉም የባሰው ሙቀቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲንቀለቀል አጥሩም ዛፉም የሚንቀሳቀስ ይመስላል፣ ካሜራው ሁሉንም «ሰው ነው» እያለ አስቸገረን። ስለዚህ ብዙ ሰዓት ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነገር ሁሉ እንደ ዛፍ ተቆጥሮ እንዲተው አደረግነው። ያኔ ጥሩ ሐሳብ ነበር የመሰለን።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛችን ጋሽ ኡጁሉ በሩ አጠገብ፣ ማንጎው ሥር፣ ዝቅ ያለች መቀመጫቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ድሮ እግራቸው አያርፍም ነበር። አጥሩን ይዞራሉ፣ ፍየል ያባርራሉ፣ ወንዝ ከሚወርዱት ሴቶች ጋር በአኙዋክኛ ይሳሳቃሉ። አሁን ዓይናቸው ወንዙ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ጋሽ ኡጁሉ፣ ደህና ነዎት?»

ዓይናቸውን ከወንዙ ሳያነሡ መለሱልኝ።

«ሚስቴ ሞታለች፣ ልጄ። ቀበርናት።»

«ውይ! ለምን አልነገሩንም? ለምን ቤት አልተቀመጡም ታዲያ?»

«ቤት ልጆቹ ያለቅሳሉ። እኔ ለቅሶ አልመጣልኝም። እዚህ ይሻላል... ሥራም አለ።»

እግዜር ያጽናዎት ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሁሉም ሰው እሱን ነበር የሚለኝ፣ እኔም አሜን እል ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም አልተሰማኝም። እንደ ደነዘዘ እግር ነው... አለ፣ ግን የእኔ አይመስልም።

ስለ ካሜራው ነገርኳቸው። ካልተንቀሳቀሱ እንደማያያቸው፣ አዲስ አበባ «የሉም» እየተባለ እንደሆነ፣ ሥራቸውን ሊያጡ እንደሆነ። ቀና ብለው አዩት።

«ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ሰው የሚሆነው?»

አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለቅሶ መድረሴ ነው እንግዲህ። ባሮ ይፈሳል፣ ማዶ ሰው ገላውን ይታጠባል፣ ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቷል። ቆይቶ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ መጥቶ በሩ ላይ እንደ ሽማግሌ መንጎራደድ ጀመረ።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ስልኬ ጮኸ።

«የት ሄድሽ?» አለ አለቃዬ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ጋሽ ኡጁሉ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እሳቸውም አሉ።»

«እንዴት ይሆናል? ሲስተሙ ሁለታችሁም የላችሁም ነው የሚለው። በር ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ ይላል።»

«እሱ ወፍ ነው።»

«ምን?»

«አባ ኮዳ ነው። እኛ ሁለታችን ዛፍ ሆነናል።»

ጋሽ ኡጁሉ ሚስታቸውን ቀብረው ሥራቸው ላይ እንዳሉ ነገርኩት። ድምፄ ውስጥ ቁጣም እንባም አልነበረም። የሌላ ሰው ወሬ የማወራ ነበር የሚመስለው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «የማባረሩ ነገር ይቅር። እግዜር ያጽናዎት ብሏል በያቸው። ግን... አልፎ አልፎ ተነሡ በቃ፣ እንዲያያችሁ።»

«እሺ» አልኩት።

ሥራቸው እንዳልተነካ ስነግራቸው ጋሽ ኡጁሉ ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ። ያቺን ንቅናቄ ካሜራው ይያት አይያት እንጃ። ሁለታችንም ግን አልተነሣንም።

በሲስተሙ መሠረት እዚያ ከነበርነው ሁሉ ሰው የነበረው አባ ኮዳው ብቻ ነው... እሱም ክንፉን ዘርግቶ ወደ ባሮ በረረ።