አውቶቡሱ አልሄደም፣ ነዒማ

ሰፈራችን ውስጥ ነዒማ ሱሌይማን ስትናገር መሃል ገብቶ መልስ መስጠት የቻለ ሰው የለም። ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ ፈሪሃ ሳሙና ስጪኝ ትልቁን አይደለም ትንሹን ሱፍዋን ትኩሳቱ ለቀቀው እናቴ ሰላም ብላሻለች ሄድኩ!» ትላለች። ሳሙናውን ከመደርደሪያ አውርጄ ስለ ልጄ ስለ ሱፍዋን ልመልስላት ስል እሷ ከበሩ ርቃለች፤ ትዝ ሲላት ሳሙናውን ልትወስድ ተመልሳ ትመጣለች።

ስትወለድ እንዲህ አልነበረችም። መንገዱ ነው ያስተማራት።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት አውቶቡሶች እኛ ከተማ ሸዋ ሮቢት ላይ ትንሽ ገታ ይላሉ። ያኔ ማንጎና ፓፓያ በፌስታል ያንጠለጠሉ ሴቶች ወደ መስኮቶቹ ይሮጣሉ። ሾፌሩ ማርሽ እስኪያስገባ ያለችው ጊዜ ናት ገበያቸው። ማንጎው ዛሬ የተለቀመ መሆኑን፣ ጣፋጭነቱን፣ ዋጋውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ካልተናገርሽ መኪናው ይሄዳል፤ የጀመርሽው ንግግር አፍሽ ውስጥ ይቀራል።

የነዒማ እናት ፈትያ አጣዬ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ከተማው በተቃጠለ ጊዜ ሱቁም አብሮ ሄደ፤ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ሮቢት መጡ። ሱሌይማን የሰው ባጃጅ መንዳት ያዘ፤ ፈትያ ፌስታል አንጠልጥላ መስኮት ስር ቆመች። በወንበር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ቀን ድምፅ አልወጣትም። የወጣው የነዒማ ነበር። ገና ትንሽ የሆነች፣ ቁመቷ ከመስኮቱ የማይደርስ ልጅ፣ «ማንጎ ማንጎ የሮቢት ማንጎ ማር ነው ቅመሱት ካልጣፈጠ መልሱት!» እያለች እናቷ የያዘችውን ሁሉ ሸጠችላት። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው መንገድ ላይ ናት።

ችግሩ የመጣው መስኮት በሌለበት ቦታ ነው። አምና ትምህርት ቤቷ የንግግር ውድድር አድርጎ እሷም ተመዘገበች። መድረክ ላይ ወጣችና እንደ ልማዷ ጀመረች። ሳትተነፍስ ሄደች፣ ሄደች፣ መሃል ላይ ትንፋሿ አለቀ፤ ትንፋሿን ስትፈልግ ቃሉ ጠፋባት። ቆማ ቀረች። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እንደሚጠፋ ባጃጅ፣ «ጥጥጥጥ... ጥጥ... ጥ» አለ። «ቤንዚን አለቀ!» አለ ሌላው። የባጃጅ ሾፌር ልጅ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ወረደች።

ዓመቱን ሙሉ «ጥጥጥ» ተከተላት። በግቢው ስታልፍ፣ ቧንቧው ጋ ስትሰለፍ፣ ሰሌዳ ጠርጊ ስትባል። ሱሌይማን ሰምቶ፣ «ቤንዚን እኮ ለሁሉም ነው የጠፋው፤ እኔም ትናንት ተሰልፌ ነው የዋልኩት» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ ሮቤል ለክፍሉ ሁሉ የጽሑፍ ውድድር አወጣ፤ ነዒማ ስለ እናቷና ስለ አውቶቡስ መስኮት ጻፈች፤ አንደኛ ወጣች። እኔ አነበብኩት። እጇ ሲጽፍ አይሮጥም። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንዱን ነገር እያየ የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ነው መዘዙ የመጣው፤ በጽሑፍ ያሸነፈ ጽሑፉን የከተማው ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት ቀን በቃሉ ማቅረብ ነበረበት፤ እዚያ አንደኛ የወጣ ደግሞ ደብረ ብርሃን ይሄዳል።

«ጽሑፌን ሌላ ሰው ያንብብልኝ» አለችው።

«የእናትሽን ነገር ማን ሊያወራልሽ ነው?» አላት ሮቤል።

እሺ አለች፤ ግን ያን ማታ እናቷ ፊት ማለች። «ወላሂ፣ ዘንድሮም መሃል ላይ ከቆምኩ ያንን ግቢ ዳግመኛ አልረግጥም።»

ፈትያ በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ፈሪሃ፣ ልጄን ታውቂያታለሽ። ወላሂ ካለች አትመለስም። መስኮት ስር ከእኔ ጋር ልትቀር ነው።»

«አትቆምም» አልኳት። አፌ ነው ያለው። ሆዴ እንደ እሷ ሆድ ነበር። እኔም ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ መቆም ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አያስቆምሽም፤ አንድ ጠዋት ዝም ብለሽ አትሄጂም፣ በቃ።

እኔ ደግሞ መላ ሳልፈልግ መጨነቅ አልችልም። ከትምህርት መልስ ጓሮዬ ፓፓያው ስር አቆምኳትና ስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ላይ አድርጌ አለማመድኳት። ለተወዳዳሪ የተፈቀደው ሰባት ደቂቃ ነው። እሷ በሦስት ጨረሰች። አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ውኃ እንድትጎነጭ ኩባያ ሰጠኋት፤ ውኃውንም በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ ቀጠለች፣ ትን አላት፣ ሱፍዋን ጀርባዋን እየመታ ሳቀ። ሮቤል አንድ ቀን ሊያያት መጥቶ ግንቡ ላይ ተደግፎ ሰማት።

«ነዒማ።»

«አቤት ቲቸር።»

«አውቶቡሱ አልሄደም። ቆሟል። ሾፌሩ ምሳ እየበላ ነው። ቀስ በይ።»

ያን ቀን ሳቀች፤ ቀስም አለች። በማግስቱ ግን መልሳ ሮጠች። ውድድሩ ሲቃረብ እንቅልፏም ሸሸ፤ ፊቷ ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰባቱን ደቂቃ ልክ ሞልታ እስከ መጨረሻው ደረሰች። «ይህንኑ ነው የምትደግሚው» አልኳት። ስልኬን ከእጄ ወስዳ ቁጥሩን ራሷ አየች።

ፈትያ እኛ ስንለማመድ አንድም ቀን ልትሰማ አልመጣችም። አልቻለችም። እሷ የምታውቀውን አደረገች፤ ለሐሙስ ዱዓ የሚሰባሰቡት ሴቶች ጋ ሄዳ አለቀሰች። ዱዓውን የሚመሩት እትዬ ኑርሃን ናቸው፤ አሊዩ አምባ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ድምፃቸው ግን ያላረጀ ሴት።

«ልጄ ሰው ፊት ልትናገር ነው። አሚን በሉላት» አለቻቸው።

«መቼ ነው? የት ነው?» አሉ እትዬ ኑርሃን። «እንመጣለን።»

ፈትያ እዚያው ቤት ሆነው እንዲሉላት ነበር የፈለገችው። እሳቸው ግን ሰው ፊት ለሚባል አሚን ሰው ፊት መገኘት አለብን አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ግንቦት ነው፤ የትምህርት ቤቷ አዳራሽ ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ ይፋጃል። ሱፍዋንን አቅፌ ስገባ መብራት ጠፍቷል፣ ማይኩ አይሠራም፣ ማራገቢያው ቆሟል። ማይክ የለም ማለት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልትናገር ነው፤ ከፍ ስታደርግ ትሮጣለች። ላብ አጠመቀኝ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ዓለምፀሐይ ቃጭል ይዛ ከዳኞቹ አጠገብ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሲደወል ለመጨረስ ተዘጋጁ ማለት ነው፣ ሁለተኛ ሲደወል አቁሙ። ያላቆመ ነጥብ ይቀነስበታል።

ከዚያ በሩ ላይ የሱሌይማን ባጃጅ ቆመ፤ የሐሙሶቹ ሴቶች ወረዱ። ተመልሶ ሌሎቹን አመጣ። ነጠላና ሻሻቸውን አስተካክለው በቀጥታ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ሮቤል ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እነዚህን እናቶች ማን ጠራቸው?»

«እናቷ።»

«ዝም ብለው ያዳምጣሉ አይደል?»

ሱፍዋንን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ሙዓዊያ መጀመሪያ ወጣ። እጁን ሲዘረጋ፣ ሲያነሳ፣ ቆም ሲል ያምርበታል። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አነቃነቀው። ቀጥሎ ነዒማ ተጠራች። ፈትያ አጠገቤ ናት፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። «አላይም፣ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነዒማ ወጣች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ተነፈሰች።

«ክቡራን እንግዶች ውድ መምህራን ለዚህ ጉባኤ ሰላምና ጤና ይስጥልን።»

«አሚን!» አለ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተማሪው ወንበር እየደበደበ ሳቀ። ከኋላ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ «ጥጥጥጥ... ጥጥ...»

ነዒማ ቆመች።

አፏ ተከፍቷል፤ ምንም አይወጣም። ፈትያ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ቆመች?» አለች ከሻሿ ስር። ሮቤልን አየሁት፤ ከንፈሩን ነክሷል። ያ ግቢ፣ ያ ወላሂ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ሱፍዋን እንኳ አንገቴን አጥብቆ ያዘ።

እትዬ ኑርሃን ግን አልሳቁም፣ አልደነገጡም። ዱዓ ላይ መሪው ዝም ካለ አሚኑ አነሰ ማለት ነው። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ወደ ነዒማ ዘረጉና፣ እንደ አዲስ፣ ረጋ አድርገው፣ «አ...ሚን» አሉ። ሴቶቹ ተከተሉ። ሳቁ ቀዘቀዘ።

ነዒማ አየቻቸው። ሕፃን ሆና በእናቷ ጭን ላይ የሰማችው ነገር ነው። እዚያ ማንም አይሮጥም፤ የሚመራው ይላል፣ ይጠብቃል፣ የሚመልሱት ይመልሳሉ፣ እስከዚያ እሱ ይተነፍሳል።

«የማወራችሁ ስለ አንድ መስኮት ነው» አለች። ጠበቀች። አሚን የሚባልበት ነገር አይደለም፤ እትዬ ኑርሃን ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነዒማ ተነፈሰች።

ከዚያ ሄደች። ቀስ እያለች። ስለ አጣዬው ሱቅ፣ ስለ ሜትሩ እንጨት፣ ድምፅ ስላልወጣት የመጀመሪያ ቀን። ምኞት የሚመስል ነገር ባለች ቁጥር የፊተኛው ረድፍ አሚን አለ፤ እሷም ጠበቀቻቸው። አዳራሹ ውስጥ አሁን የሚስቅ የለም። እኔ ግን ስልኬን አየሁ። ጓሮዬ በለካነው ሰባት ደቂቃ ውስጥ አሚን አልነበረም! ገና ግማሹ ላይ ናት።

ቃጭሉ አንድ ጊዜ ጮኸ።

ነዒማ ሰማች። ትከሻዋ ሲዘል አየሁ። አውቶቡሱ ማርሽ አስገባ፤ አሁን ልትሮጥ ነው፣ ልትሮጥ ነው ስል፣ ሮቤል ከቦታው ሆኖ መዳፉን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደ። ቀጠለች፤ አልሮጠችም። ተሳፋሪዎች በመስኮት የእናቷን እጅ ብቻ እንደሚያዩ፣ ፊቷን እንደማያዩ ተናገረች።

ሁለተኛው ቃጭል ጮኸ።

ዓለምፀሐይ እጇን አነሳች። ዳኞቹ ብዕራቸውን አነሱ። ነዒማ ወደ ቃጭሉ ዞራ አየች፤ ወደ ሴቶቹ አየች።

«ነጥቡን ቀንሱብኝ» አለች። «ልጨርስ።»

ፈትያ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች።

«እናቴ አንድ ቀን ተቀምጣ የምትሸጥበት በር ይኑራት» አለች ነዒማ። «ገዢው እሷ ጋ ይምጣ። ፊቷን ይይ። ከዚህ ወዲያ ወደ ማንም መስኮት አትሩጥ።»

ጠበቀች።

«አሚን!» አለ አዳራሹ። የፊተኛው ረድፍ ብቻ አይደለም፤ የኋላው ወንበርም። ዓለምፀሐይ አሚን ስትል ቃጭሉ እጇ ላይ ተንቀጫቀጨ።

ፈትያ ሻሿን ሳታነሳ፣ «ጨረሰች?» አለችኝ።

«ጨረሰች።»

«በአላህ በይ።»

«በአላህ። ጨረሰች።»

ያኔ ነው ሻሿን ያነሳችው። ፊቷ በእንባና በላብ ርሶ ነበር።

አንደኛ ሙዓዊያ ወጣ። ነዒማ ሦስተኛ ሆነች፤ የተቀነሰው ነጥብ ነው ያወረዳት፣ ደብረ ብርሃንም አልሄደችም። የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል ሴቶቹ እልል አሉ። ሮቤል ደንቡን ለእትዬ ኑርሃን ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«እንዲያው እትዬ፣ አሚኑ ነው ሰዓቷን የበላባት።»

«እና በዱዓ ላይ ሊሮጥ የሚፈልግ ማነው?» አሉት። «ደወሏን የምትደውለዋን ልጅ ንገራት፣ በሚቀጥለው ቀስ ትበል።»

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ማየት አልተውኩም። ሰው በነገሩ ደስ ብሎት ቢሄድም፣ አንዴ ቆማ ነበርና ወላሂ ያለች ልጅ ምን እንደምታስብ ማን ያውቃል? የተማሪው ሰዓት ሲደርስ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን አቅፋ መጣች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ልጆች አዩዋት። አንደኛው፣ «ጥጥጥጥ... ጥጥ... ጥ» አለ።

ነዒማ ቆመች። ልጁ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ እጇን ገልበጥ አድርጋ፣ እንደ እትዬ ኑርሃን ድምፅዋን አስረዝማ፣ «አ...ሚን» አለችው፤ ጓደኛው በሳቅ ወደቀ።

«እትዬ ፈሪሃ ስመለስ ሳሙና አስቀምጪልኝ ትንሹን ሄድኩ!» አለችኝና ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።