የተረፉት ሰባት ድንቾች

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ኮሌጅ ወጥ ሠሪ ሆነው ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው አሸናፊ፣ "ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ መናኸሪያ ሰፈር ወዳለው ቤቱ አመጣቸው። ሚስቱ ናርዶስ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ከገበታው የተሻለውንም ታቀርብላቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ከለከለቻቸው፤ ኩሽና መግባት።

"እማማ፣ እርስዎ ይረፉ" ትላለች፣ ቢላዋውን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ እየወሰደች። "እስከ ዛሬ የሠሩት ይበቃል።"

ክፉ ቃል ቢሆንማ መልስ አያጡለትም ነበር። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲውሉ ግን አውቶቡስ የዘገየበት መንገደኛ የሆኑ መሰላቸው። አልጋቸው ሥር ያለውን የሸራ ቦርሳም ከመጡበት ቀን ጀምሮ አላራገፉትም። ይርጋለም ያለችው እህታቸው ጋ ቢሄዱ ቢያንስ ሽንኩርት ላጪልኝ ትላቸዋለች።

ግንቦት ላይ ናርዶስ ኩሽናውን ስታጸዳ ካርቶን ሥር የተረሱ ሰባት ድንቾች አገኘች። ተጨማደዋል፤ በየጎናቸው ነጫጭ ቡቃያ አውጥተዋል።

"ይኼማ አይበላም፤ ልጣለው።"

"ለእኔ ስጪኝ፤ እተክለዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

ናርዶስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ በሆዳቸው ቆረጡ። ድንቹ ካፈራ እዚህ ቤት የእጃቸው ሥራ አለ ማለት ነው፤ ይቆያሉ። ካላፈራ ክረምቱ ሲወጣ ይርጋለም ይገባሉ።

ልጅ ሆነው የሚያውቁት የቤተሰባቸውን እንሰት ነው። ድንችንማ የሚያውቁት ከማዳበሪያ ወጥቶ ድስት ሲገባ ነበር። ስለዚህ እጃቸው የለመደውን ሠራ። አራቱን ድንች ቡቃያቸውን በቢላዋ ጫፍ ጎልጉለው፣ ልጠው፣ አጥበው፣ ለወጥ እንደሚከተፍ አድርገው ቆራረጡና አፈር በሞሉት የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። በየቀኑም ውኃ አጠጡት።

በሁለተኛው ሳምንት ግቢው ሸተተ።

"እማዬ፣ ጥንብ የሚለቅመውን አባ ኮዳ ልትጋብዢ ነው እንዴ?" አለ አሸናፊ አፍንጫውን ይዞ።

ከከተማው ዳር ከቡሹሎ ወተት የምታመጣላቸው ገበሬዋ አለምነሽ እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተችና አንድ የበሰበሰ ቁራጭ አወጣች። አገላብጣ አየችው። ከዚያ እስክታነባ ሳቀች።

"አንቺ ሴት! ሽንኩርቱንና በርበሬውን የት ረሳሽው?"

"ምን አጠፋሁ?"

"የጣልሽው ቡቃያ እኮ ነው ተክሉ! ሌላ ድንች የለሽም?"

"ሦስት ተርፎኛል።"

"በይ ቢላዋ እንዳታስጠጊው። ቡቃያውን ወደ ላይ አድርገሽ እንዳለ ቅበሪው። ግንዱ ባደገ ቁጥር አፈር ጨምሪለት። ውኃም አታብዢ፤ መረቅ አይደለም የምትሠሪው!"

የበሰበሰውን ደፉት። አለምነሽ ባመጣችው ፍግ አፈሩን አደሱ፤ የማዳበሪያውን አፍ ወደ ታች ጠቀለሉና ሦስቱን ድንቾች አስተኙ። ከዚያ ወዲህ ጎዳናው በባጃጅ ሳይንጫጫ ተነስተው ማየት ሥራቸው ሆነ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አፈሩን ገፍታ ወጣች። ለማንም አልተናገሩም። ግንዱ ከፍ ሲል ማዳበሪያውን ዘረጉለት፤ አፈር ጨመሩለት። ነሐሴ ላይ አበባ ያዘ።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቶ አገኙት።

ቆመው አዩት። ወደ ክፍላቸው ገቡና የሸራ ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡ።

ልብስ ልታሰጣ የወጣችው ናርዶስ በር ላይ ደረሰችባቸው። "እማማ! የት ሊሄዱ ነው?"

"እህቴ ዘንድ። ድንቹም ሞተብኝ። እዚህ ቤት እኮ ምንም አልሠራም፣ ልጄ።"

ናርዶስ ወደ ክፍሉ ገባች። እጇ ላይ ያለው ሸሚዝ ውኃው ይንጠባጠባል።

"እናቴ ወጥ እያማሰለች ነው ወድቃ የሞተችው" አለች። "አንድ ቀን አሳርፋታለሁ እያልኩ ሳላሳርፋት። እርስዎን እንኳ ላሳርፍ ብዬ ነው።"

ወይዘሮ ሙሉጌጥ የቦርሳውን ማንገቻ ለቀቁ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ዕቃ የተቀመጡ ሲመስላቸው፣ ለካ የሌላ እናት ድካም ሲካስባቸው ኖሯል።

"በይ ነይ" አሏት፤ "መቼም የሞተ ነገር ግቢሽ ውስጥ ጥዬ አልሄድም። ማዳበሪያውን እንድፋው።"

በሁለት ወገን ይዘው ላስቲክ ላይ ዘረገፉት። አፈሩ ተናደ። ከአፈሩ ጋር አንድ ድንች ተንከባለለ፤ ተከትሎት ሌላ፣ ከዚያ በአንድ ሥር የተንጠለጠሉ አራት። ናርዶስ ጮኸች። ተንበርክከው በጣታቸው ፈለጉ፤ ከዕንቁላል ያነሰም ነበረ፣ እፍኝ የሚሞላም ነበረ።

"አልሞተም ነበር?" አለች ናርዶስ።

"ደርሶ ነው" አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ። "ቅጠሉን የጣለው ደርሶ ነው።"

ናርዶስ እጇን ታጥባ ኩሽና ገባች። ስትመለስ ሰሐንና ቢላዋ ይዛ ነበር። ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋችላቸው።

"እማማ፣ ይልጡልኛል? እኔ ሽንኩርቱን ልክተፍ።"

ላጡ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ወረደ። ከመካከሉ ሦስቱን ግን ቢላዋ ሳያስነኩ ካርቶን ሥር መልሰው አስቀመጡ። ከምሳ በኋላ ልብሳቸውን አንድ በአንድ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀሉ። ባዶውን የሸራ ቦርሳ ግቢው ውስጥ ከማዳበሪያው አጠገብ አቆሙትና አፈር ይሞሉበት ጀመር።