እስኪበረታ

አያ አድማሴ ልጁ የሻው በ1977 ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ጉልበቱ ከዳው፤ የቀረበለት ምግብ እንደቀረበ ይነሣል። በዚያ ላይ በ1979 ጥር የየሻው መርዶ ለቀበሌው ደረሰ። የተነገራቸው የአያ አድማሴ ሴት ልጅ ሐረገወይንና ታናሽ ወንድሙ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ።

ወልደ ዮሐንስ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ያስመርራል። «በዚህ አቅሙ ብናረዳው ሁለት ለቅሶ መቀመጣችን ነው። እስኪበረታ እንቆይ» አለ። ዘመድ ሁሉ ተስማማ። ሐረገወይን ወንድሟን ማልቀስ ሲያምራት እንጨት ለቀማ ብላ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ትላለች።

በሰኔ ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ድብ ባሕር ገበያ ላይ ወሬ ጣለ፤ የየሻው ዙር ዘማቾች አገልግሎታቸውን ጨርሰው ሊመለሱ ነው። አያ አድማሴ ይህን በሰማ በሳምንቱ ተነሥቶ ተቀመጠ። የቀረበለትን ጠርጎ በላና ጨምሪልኝ አለ። በነሐሴ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ መስቀል ሲያልፍ የየሻውን ጎጆ ክዳን ራሱ ይጠግን ጀመር።

«ሲመጣ እንዳያፈስበት» ይላል እየሳቀ። ሐረገወይን ከሥር ሆና ሣር ታቀብለዋለች። እንዲህ ያለ ደስታና እንዲህ ያለ ፍርሃት አንድ ላይ ይዟት አያውቅም።

ወልደ ዮሐንስ መጥቶ ወንድሙን መሰላል ላይ አየው። «አሁንስ ይችለዋል» አላት ለብቻዋ።

«ምነው አያ! ያቆመው እኮ ይኸው ተስፋው ነው።»

«ታዲያ ጓደኞቹ ሲመለሱ ከመንገድ ይስማው?»

ሐረገወይን ሣሩን አንሥታ ወደ መሰላሉ ተመለሰች።

ቅዳሜ ማለዳ ዘመዶች ተሰብስበው መጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያ አድማሴ በሩን ራሱ ከፈተ። አለባበሳቸውን ሲያይ ማንም ቃል ሳያወጣ ገባው። አላለቀሰም። «መቼ ነው?» ብቻ አለ።

«በጥር» አለ ወልደ ዮሐንስ አንገቱን ደፍቶ።

አያ አድማሴ ወደ ልጁ ዞረ። «ሐረግ፣ ያን ሁሉ ሣር የምታቀብይኝ እያወቅሽ ኖሯል?»

ሐረገወይን «መብላትህን ወድጄ ነው» ልትለው ስትል፣ አባቷ መቃኑን እንደያዘ ቁልቁል ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች ብብቱን ይዘው ሊያነሡት ሞከሩ፤ ትናንት መሰላል የወጣው እግሩ አልቆም አለ። እሷም ልትደግፈው እጇን ስትዘረጋ እጁን ሰበሰበባት።