ወደ ወግዲ የተላከው ጧፍና ሳሙና

ባለፈው ገና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሪባን የታሰረ የካርቶን ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ውስጡ ሁለት ሳሙናና አንድ ወፍራም ሻማ ነበሩ፤ ክዳኑ ላይ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ስከፍተው የሽቶ መዓዛ ክፍሉን ሞላው። እኔ ግን ከሽቶው ሥር የሸተተኝ ሌላ ነገር ነበር፤ የቀለጠ ሞራ፣ የወይራ አመድና የጠጅ ሰፈፍ። ባልደረባዬን ማመስገን ይገባኝ ነበር፤ አላመሰገንኳትም።

ልጅ እያለሁ በመካነ ሰላም ዳርቻ በነበረው ቤታችን ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት የሳሙናና የጧፍ ቀናት ነበሩ። አባቴ ከጎረቤት ጋር ከገባበት ቅርጫ የሚደርሰንን ሞራ እናቴ ለሳሙና ታስቀምጠዋለች። የወይራ አመድ ታቹ በተበሳ ቅል ውስጥ ይጠቀጠቅና ውሃ ይፈስበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ ጣትን ማንሸራተት ሲጀምር «ደረሰ» ይባላል። ከሞራው ጋር ሲፈላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ደስ የሚል አልነበረም፤ ዘመን አልፎበታል ብዬ አላሳምረውም። ጨው ገብቶበት ከረጋ በኋላ በቢላዋ ይቆረጣል። የጥምቀት ነጠላችን የሚታጠበው በእሱ ነበር።

ጧፉ ከዚያ ይከተላል። እናቴ ሰፈፉን አፍልታ በጨርቅ ታጠልለውና ንጹሑን ሰም በሸክላ ታቀልጠዋለች፤ ክሩንም ራሷ ትፈትለዋለች። እህቴ እናኑ ሰም የነካውን ክር በሁለት ጣቶቿ መካከል እያሳለፈች ስትስብ እኔ ሌላውን ጫፍ እይዛለሁ። የእሷ ጧፍ እንደ መቃ ቀጥ ያለ ነበር። የእኔ ይጎብጣል፤ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ክሩ ራቁቱን ይቀራል። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ወንፊት ልትዋስ ስትመጣ የእኔን ታነሣና የግመል አንገት መሥራት ከየት እንደተማርኩ ትጠይቀኛለች። እናቴ አትስቅም። «ሴትን ከምላሷ በፊት እጇ ያስተዋውቃታል» ትል ነበር።

እናኑ ስድስተኛ ክፍል፣ እኔ አራተኛ በነበርንበት ዓመት እናቴ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንድንሠራ አዘዘችን። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ወግዲ ላሉ ሰዎች የበዓል ስጦታ ነው አለች። ወግዲ የምናውቀው ሰው መኖሩን ሰምቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ስጦታ መላክ ትልቅ ሰው የመሆን ያህል አኮራኝ። ሳሙናዬ ላይ በእንጨት ስንጥር አበባ ሣልኩበት። እናኑ ምንም አልሣለችም፤ የእሷ ሳሙና ጠርዙ የተስተካከለ፣ ንጣቱም ወተት የመሰለ ነበር።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ከወግዲ በበቅሎ መጡ። መደብ ላይ ተቀምጠው ጠላ ከቀመሱ በኋላ የሁለታችንም ሥራ ፊታቸው ቀረበ። ጧፎቹን አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን እያነሡ ተመለከቱ፤ ሳሙናውን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት። የእናኑን ይዘው የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁ፤ አባቴ የታላቋ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ የእኔን ጧፍ አገላበጡት።

«ይች የታናሽቱ ናት?» አሉና ፈገግ አሉ። «ይችማ ትማር።»

ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን ከሌሎቹ ቀድሞ ቆመ።

የእናኑ ጧፍና ሳሙና በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በበቅሎዋ ሄደ። የእኔ መደቡ ላይ ቀረ። ጓሮ ወጥቼ ሳለቅስ እትዬ ዘሀራ አገኘችኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እናኑ እንዳሸነፈችኝ ነገርኳት። እንደ ልማዷ ትቀልድብኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አብሽሪ ልጄ» አለችኝ። «ውድድር አይደለም። የልጅቱን እጅ እንይ ብለው ነው፤ ወደዱት ማለት ነው። እህትሽን ሊድሯት ነው።»

ለቅሶዬ ባለበት ቆመ። ሮጬ ቤት ስገባ እናኑ ሸክላውን እያጠበች ነበር፤ ነገሩን ከእኔ በፊት ታውቅ እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ። እኔን ለማጽናናት ትምህርቷን እንደማትተው፣ ሰኔ ላይ ለፈተና እንደምትመለስ ነገረችኝ። ሰርጓ በዚያው ጥር ሆነ። ሰኔ መጣ፤ እናኑ አልመጣችም።

እናኑ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እኔ መካከለኛ ነበርኩ። ይህን ከሽማግሌው በቀር ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የተናገረ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ተማርኩ፤ ዛሬ በስሜ ፊት «ዶክተር» ይባላል። ሰዎች እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሲጠይቁኝ ጥረቴን እዘረዝራለሁ። እውነቱን ለራሴ በተናገርኩ ቁጥር ግን እንደ አዲስ እደነግጣለሁ፤ የተማርኩት ጧፌ ጠማማ ስለነበረ ነው። ቤታችን ውስጥ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም በዓልን የሚያከብር፣ ጎረቤቱን የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ማወቄ ድንጋጤዬን አያቀልለውም።

ባለፈው ጥር ወግዲ እናኑ ቤት ሄድኩ። ልጇ አሥረኛ ክፍል ናት፤ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ለጥምቀት መጥታ ነበር። ዋዜማው ላይ ጧፍ እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰም አቀለጥኩና ክሩን ለልጅቱ ሰጠኋት፤ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ጫፉን እንዴት እንደምትይዘው ላሳያት ስል እናኑ ክሩን ከእጇ ወሰደችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እጇን እንዳታስለምጅብኝ» አለችኝ። «ወጥ መሥራት እንኳ አላስተማርኳትም። ሰው ሲመጣ፣ ሙያ የላትም እላለሁ።»

ልጅቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እናኑ አልሳቀችም።

በደጋው በሌሎች ቤቶች ይህ ሥራ የቀረው ከሱቅ መግዛት ስለቀለለ ነው። በእህቴ ቤት የቀረው እሷ ስላስቀረችው ነው። ያኔ ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ የሚያልፈው ሁሉ በረከት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ እናት ለልጇ ያወረሰችውን ትልቅ ነገር አየሁ፣ አለማወቅን።

በጥምቀት ንጋት የሱቅ ሻማ ይዘን ከሕዝቡ መካከል ቆምን። የእህቴ ልጅ የራሷን አዘንብላ ስለያዘችው ሰሙ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እናኑ አየቻት፤ አላረመቻትም።