ሰው የማይሄድበት የእግረኛ መንገድ

ይህ የገጠመኝ ከሁለት ክረምት በፊት አምቦ ውስጥ ነው። ያን ቀን አባቴን ጎርፍ የወሰደብኝ መስሎኝ ስለነበር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ስኳር በሽታ ዓይኑን ከወሰደበት ቆይቷል፤ ያም ሆኖ ሰው እጁን ይዞ ሲመራው አይወድም። ጠዋት ጠዋት በዘንጉ ብቻውን ወደ ቸርች ይሄዳል። በመሃል ያለውን ሜዳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሰያፍ ያቋርጠው ስለነበር፣ ሣሩ አልቆ መሬቱ ጠንክሮ፣ አባቴ በእግሩ ብቻ የሚያውቀው መንገድ ሆኖ ነበር።

በኋላ ሜዳው አረንጓዴ ቦታ ይሁን ተባለና በሽቦ ታጠረ። ዙሪያውን ንጣፍ ያለው የእግረኛ መንገድ ተሠራለት። መንገዱ ያምራል፤ ግን ማዕዘኑን ይዞ ስለሚዞር ማንም አልሄደበትም። ሰዉ ሽቦውን ፈልቅቆ በድሮው መንገዱ ማቋረጡን ቀጠለ። እኔ ግን አባቴን ሽቦ እንዳይቧጥጠው ፈርቼ፣ የንጣፉን ጠርዝ በዘንጉ እየነካ እንዲዞር አለማመድኩት። ከንጣፉ ሥር የሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ያኔ በሙሉ ክዳን ነበረው።

ያን ቀን ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የቸርቹ ዘበኛ ደወለልኝ። አባትሽ ዛሬ ቀሩ፣ አሟቸው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ከቤት የወጣው ከእኔ ቀድሞ ነው። ውጭ ደግሞ ዝናቡ ገና አላባራም። ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

ንጣፉ ላይ እየሮጥኩ አንድም ሰው አላገኘሁም። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ የቦዩ ክዳን ተነስቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የአባቴን ዘንግ ድንጋይ ይዞት ጎርፉ ይደበድበዋል።

ከዚያ ቦዩን ተከትዬ ወደ ወንዙ ቁልቁል እየሮጥኩ “አባዬ!” እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። የመለሰልኝ ራሱ አባቴ ነው። ድምፁ የመጣው ከሜዳው ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ነበር።

ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ጎልማሳ ሰው በሸሚዝ ብቻ፣ በዝናብ ርሰው ቆመዋል። ካፖርቱ የእሳቸው ነው። አባቴን አቅፌ ሳለቅስ እሳቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ትንሽ ስረጋጋ አባቴ የሆነውን ነገረኝ።

“ዳናው ሁሉ በግራዬ ነው የሚሰማኝ። እኔ ያለሁበት ማንም የለም። መንገድ ስቻለሁ ብዬ ቆምኩ” አለ።

ቆሞ ከፊቱ ያለውን በዘንጉ ቢዳብስ መሬት አጣ፤ ዘንጉም ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እግሩን ሳያነሳ ዳና ወደሚሰማበት ተጣራ። ሰውየው ያን ጊዜ ከሌላው ሰው ጋር ሜዳውን እያቋረጡ ነበር። ዘወር ሲሉ አንድ ሽማግሌ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመዋል። “ኤጋ!” አሏቸው፤ ቆዩ ማለታቸው ነው። ሽቦውን በእጃቸው ከፍተው ወጡና አባቴን ይዘው፣ ሰው በሚያልፍበት ቀዳዳ አሻገሩት።

ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ሆስፒታል የተኛ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ከእንጭኒ መጥተው ወደ መናኸሪያ እየሄዱ ነበር። በእኛ ምክንያት መኪናቸው አምልጧቸዋል። ካልበሉ አይሄዱም ብዬ ቤት ወሰድኳቸው። መዳፋቸውን ሽቦ ቀዶት ስለነበር አጥቤ አሰርኩላቸው።

“አባትሽ ሰው በሚሄድበት ቢሄዱ እኮ ዘንጋቸውም አይጠፋም ነበር” አሉኝ፣ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሰፈሩ ተሰብስቦ ማዘጋጃ ቤት አቤት አለ። ክዳኑ ተመለሰ፤ ሽቦውም ሰዉ በሚያልፍበት በኩል ተከፈተ። ሰያፉ ላይ ጠጠር ለማስደፋት ግን ሌላ ክረምት ማለፍ ነበረበት።

መንገዱን በነደፉት ሰዎች አልፈርድም፤ ለእኔም ከሁሉ የሚሻለው እሱ መስሎኝ ነበር። አሁን አባቴ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። በገበያተኛውና በተማሪው መሃል ገብቶ፣ ከዚህም ከዚያም ሰላም ሲሉት እሰማለሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ፣ ልቤ አርፎ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።