ለሁለት ቤት የሚበቃ አሳ

ልጅነቴን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ "ያቺ እሳት መጣች" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልችልም ነበር። እናቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለች ቀኑን ሙሉ ስትቆጣኝ ትውላለች፤ እኔ ግን ማፍሰሱም መልቀሙም አይደክመኝም። እንዲህ ያለችን ልጅ አሳ ለማጥመድ ይዘው ሲሄዱ ምን እንደሚፈጠር ገምቱት።

የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ጅማ የቀረ ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቁ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት አባ ነጋ ደግሞ ሶላት የማያልፋቸው፣ ጨውና ጆንያ የሚሸጡ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ሁለቱን ያፋቀራቸው አሳ ነው። መንጠቋቸውን የሚሠሩት ከቡና ጆንያ መስፊያ መርፌ ነበር፤ አባ ነጋ መርፌውን በከሰል አግለው ያጎብጡታል፣ አባቴ ክሩን ሦስት እጥፍ አድርጎ ይገምደዋል። የያዙትን አሳ በአባቴ ሜትር ይለኩና የሱቁን መቃን በቢላ ይጭሩታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጭረት ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ነበር፤ እሱም የእነሱ ሳይሆን የአንድ የኮሌጅ ዘበኛ ነው። ይህ ነገር ያንገበግባቸው ነበር።

የዘመኔ ሰው ያውቀዋል፤ ያኔ የክርስቲያንና የሙስሊም ጎረቤት ሁሉን ነገር አብሮ ይበላል፣ ሥጋ ሲሆን ግን ድስቱ ሁለት ነው። ድግስ ያለበት ሰው ለጎረቤቱ በግ ለይቶ ይሰጠዋል፣ እንግዳው በራሱ ሰው አሳርዶ በራሱ ድስት ያሠራል። በዚህ ማንም ቅር አይለውም። አሳ ግን አይታረድም። ስለዚህ ከአንድ ትሪ ልንበላው የምንችለው እሱን ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድሜን ደረጀን የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው። ደረጀ ከእኛ ቤት ይልቅ በአባ ነጋ ቤት ያደገ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ለመሸኛው ሁለት ድስት ስታጥብ አየና "እማዬ፣ ሁለት ድስት አልፈልግም። ከሁላችሁም ጋር ከአንድ ትሪ በልቼ ልሂድ" አላት። እናቴ አለቀሰች። አባቴንና አባ ነጋን በነጋታው መርፌ ሲያግሉ አየኋቸው።

ሁለቱ ቤት ሲደመር ወደ ሃያ ሰው ነው። ትንንሽ አሳ ከአጥንት በቀር ምን አለው? ከሰርቦ ወዲያ ጊቤ ወንዝ ጥልቁ ላይ ግን አንድ ትልቅ አሳ አለ ይባል ነበር። አንዱ ፍየል ያክላል ይላል፣ ሌላው ደግሞ አምባዛ ነው ይላል። አምባዛ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቅርፊት የሌለው አሳ ለእናቴ ርኩስ ነው፣ ቤቷ አይገባም። አባቴ ጨርቅ ሲቆርጥ ድንገት መቀሱን አስቀምጦ "አምባዛ ቢሆንስ?" ይላል። አባ ነጋ ከግድግዳው ወዲያ "ኢንሻአላህ አይሆንም" ይሉታል። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በተራቸው "መኮንን፣ ክሩ ይችለዋል?" ይላሉ። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ።

ደረጀ የሚሄደው ሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፣ በራሽን የሚሰጠው የስኳሩም ነገር ያጠራጥራል። ደረጀ "ስብሰባውን ለእኔ ተዉት፣ ታመዋል እላለሁ" አላቸው። እኔ አልቅሼ፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ፣ በመጨረሻ ቡና በጫነ መኪና ላይ ከሁለቱ መሀል ተቀመጥኩ።

ወንዙ ዳር ጭቃውና የበሰበሰው ቅጠል ይሸታል። ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ ትል እቆጥራለሁ፣ በየደቂቃው "መጣ?" እላለሁ። አባ ነጋ "ጨል ጄዲ፣ ኢንታላ ኮ። ዝም በይ ልጄ፣ አሳ ጆሮ አለው" ይሉኛል። ረፋዱ ላይ አንድ አምባዛ ወጣና የአባቴ ፊት አመድ መሰለ፤ ትንሽ ስለነበረ ግን ትልቁ እሱ አይደለም ብለን ተጽናናን። አባ ነጋ ዙሁር ሰግደው ተመልሰው ክሩን ገና ከመያዛቸው ክሩ መዳፋቸውን ቆረጠው። ሁለቱ ሰዎች አንዴ እያላሉ አንዴ እየሳቡ ምን ያህል እንደታገሉት አላውቅም። ሲወጣ ቅርፊቱ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። አባቴ እንደ ልጅ ሳቀ።

ወዲያው መንጠቆው ወለቀ። አሳው ጭቃው ላይ እየተወራጨ ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመረ። የጮህኩት እኔ ነኝ። "አባባ፣ ሊያመልጥ ነው፣ ቶሎ በል!" አባቴ ቢላውን መዘዘ፣ አሳውን በጉልበቱ ተጫነው፣ በየበዓሉ በግ ሲያርድ እንደለመደው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብሎ አንገቱን ቆረጠው።

ያደረገው የገባው ቢላውን ሲያይ ነው። "አባ ነጋ፣ ከአፌ አመለጠኝ" አለ።

አባ ነጋ የቆሰለ እጃቸውን ወንዙ ውስጥ እየታጠቡ "አሳ ነው እንጂ በግ አይደለም" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። አሳ ሐላል መሆኑን ያውቃሉ፤ በክርስቲያን ጸሎት ሲታረድ ግን አይተው አያውቁም። አባቴ ከልማድ ሜትሩን አውጥቶ ለካው። ዘጠና አንድ። ማናችንም ደስ አላለንም። እስከ ጅማ ራሴን ስወቅስ መጣሁ፤ ሁሉም የሆነው በእኔ ችኮላ ነው። አባ ነጋ ከመኪናው ሲወርዱ "እስቲ የመስጊዳችንን ሼክ ልጠይቅ" ብለው ሄዱ።

እናቴ በአንድ ድስት ሠራችው። የቁሌቱ ሽታ ግቢውን ሞላ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ አሥራ ሁለት ሊሆን ሆነ፤ ከአባ ነጋ ቤት የመጣ ሰው የለም። ደረጀ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ትሪው ፊት ተቀምጧል። ወንዙ ላይ የሆነውን ለእሱ ለመንገር አባቴም እኔም አልደፈርንም። አባቴ በሩ ላይ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። እኔ ያቺ እሳት ግን ያን ቀን ከጥግ መነሳት አቃተኝ።

ሊጨልም ሲል አባ ነጋ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው ገቡ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፣ "ቢስሚላህ" አሉ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ደረጀ አፍ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ራሳቸው ጎረሱ። አባቴ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ "ሼኩ ምን አሉ?" ሲላቸው አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

"አልጠየቅኳቸውም" አሉ አባ ነጋ። "በራቸው ድረስ ሄጄ ቆሜ ነበር። አይሆንም ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁና ተመለስኩ።"

ደረጀ በማግስቱ ሄደ። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አባቴም አባ ነጋም ዛሬ በሕይወት የሉም። አሁን ጅማ ውስጥ አሳ ብርቅ አይደለም፣ በየሆቴሉ ይጠበሳል። ባለፈው ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ልንበላ ገብተን፣ ገና ሳንቀመጥ ማን እንደጠበሰው፣ በምን ዘይት፣ በየትኛው መጥበሻ እንደሆነ ተጠያየቅን። ኋላ ክርስቲያንና ሙስሊም ተለይተን ሁለት ጠረጴዛ ሆነን በላን። ጠያቂዋ እኔም ነበርኩ፣ ማንን ልውቀስ? የዚያን ቀኑ አንድ ትሪ ትዝ ያለኝ ግን እዚያ ስበላ ነው።

እናቴ አርጅታለች፣ ብዙ ነገር ረስታለች። ሐዘኑ ሲነሣባት አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ "ልጄ ከሁላችን ጋር በልቶ ነው የሄደው።"